ከባሌስትራ የተሠራ ቢላዋ
ብረት፣ የእንጨት እጀታ። አዲስ ዓለም፣ ምዕራብ ሸዋ

ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ዓለምን መናገሻ ለማድረግ ባሰቡበት ዘመን ከአዲስ አበባ ያስወጡት መንገድ ዛሬ ወደ አምቦ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች መስመር ነው። የዚህ ቢላዋ ብረትም የመኪና ባሌስትራ ነው። ካርቦኑ ከመቶ 0.6 ገደማ ነው፤ ስለት ለመያዝ የሚበቃ፣ ለመሰበር የማይቸኩል። ብረት ሠሪው በወናፍ እሳት አግሎ ይቀጠቅጠዋል፣ ዘይት ውስጥ ነክሮም ያጠነክረዋል። ጀርባው ላይ የቀሩትን የመዶሻ ምቶች፣ ወደ አፉ ሲወርዱም በሞረድ የጠፉበትን መስመር ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ የከለከሉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዛሬ በዓለም ገበያ የሚወደሰው ግን የዱቄት ብረት ነው። የቀለጠ ብረት በጋዝ ግፊት ተረጭቶ ደቃቅ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱም በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ታምቆ ይጠጥራል። ኤስ90ቪ የሚባለው ከመቶ 2.3 ካርቦንና 9 ቫናዲየም ይይዛል። ስለቱ ከባሌስትራ አብልጦ እንደሚቆይ፣ ዝገትንም እንደሚቋቋም አይካድም። ነገር ግን ስለቱን የሚያቆየው የቫናዲየም ካርባይድ ቅንጣት ከተራ መሳያ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከደነዘ የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል። አጥንት ሲነካም ከባሌስትራው ቀድሞ ይሸረፋል። የባሌስትራው ዝገትስ? ከሥጋና ከሎሚ በኋላ ጠርጎ ማድረቅ ይበቃዋል። ቢላዋ የሚመዘነው ስለቱ በሚቆይበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሲደንዝ ቤት ባለው ድንጋይ በመሳሉም ከሆነ፣ ለማጀት ባሌስትራው ይበልጣል። ቢሰበር እንኳ ያው ብረት ሠሪ መልሶ አግሎ ትንሽ ቢላዋ ያወጣበታል፤ የዱቄቱ ብረት በወናፍ እሳት አይታደስም።