አርባ ምንጭ ለምትመጡ፦ ምን ይበላል፣ ምን ይታያል፣ ከጀርባውስ ምን ታሪክ አለ?

መስከረም ሲጠባና ጥር ሲገባ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ቲቸር፣ አርባ ምንጭ ልንመጣ ነው። የት እንብላ? ምን እንይ?» አብዛኞቻችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ስለሆናችሁ መልሴ አጭር እንደማይሆን ታውቁታላችሁ። ዛሬ አንዴ ልጻፈውና ለሁላችሁም ይድረስ። ቡናችሁን አፍሉ፤ ረዘም ይላል።

ብዙ ጎብኚ አዞ አይቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ዶርዜ ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ይሄ ክፉ አይደለም። ግን ሦስቱን ነገሮች አንድ የሚያደርጋቸው ታሪክ አለ፤ የደጋና የቆላ ታሪክ ነው። እሱን ይዛችሁ ከመጣችሁ የምታዩት ይጨምራል፣ የምትበሉትም ይጣፍጣል።

ከከተማዋ እንጀምር። አርባ ምንጭ ገና ልጅ ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች፤ ከላይ ደጋው ላይ፣ ጉምና ብርድ የማይለያት። የጋሞ ሕዝብ ከጥንትም መኖሪያው በዋናነት ደጋው ነው። ቆላው ሞቃት ነው፣ ወባውም አይጣል። ዋና ከተማነቱ ወደ ታች የወረደው በ1950ዎቹ ነው። ስለዚህ ዛሬ በባጃጅ የምትዞሩባት ከተማ ከብዙዎቻችን አባቶች በዕድሜ ታንሳለች። ሁለት ሰፈር ሆና ታገኟታላችሁ፤ ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች። አመሻሽ ላይ ሴቻ ጫፍ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል እዩ። በግራ አባያ ቀላ ብሎ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸው ደግሞ «የእግዜር ድልድይ» የምንለው ተራራማ መሬት ይታያችኋል። አባያ የሚቀላው ወንዞች በሚያመጡት ደለል ነው። ከላይ ያለው ተራራ አፈሩ ሲታጠብ እዚህ ይታያል ማለት ነው።

የሐይቆቹ ስም ራሱ ትምህርት ነው። ጣሊያናዊው አሳሽ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 እዚህ ደርሶ አባያን በንግሥታቸው ስም «ማርገሪታ» አለው። ልብ በሉ፣ ጣሊያን አድዋ ላይ በተሸነፈችበት በዚያው ዓመት ነው። ጫሞም በድሮ ካርታዎች ላይ «ሩስፖሊ» ተብሎ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን በገደለው በሌላ ጣሊያናዊ መስፍን ስም። ሁለቱም ስሞች ካርታ ላይ ቀሩ። ሐይቆቹ ባገሩ ሰው አፍ አባያና ጫሞ ናቸው።

አሁን ወደ ምንጮቹ። የከተማዋ ስም የመጣው ከገደሉ ሥር ከጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። «ቲቸር፣ በእውነት አርባ ናቸው?» ትሉኛላችሁ። አርባ ማለት ብዙ ማለት ነው ብላችሁ ውሰዱት። ዋናው ነገር የምትጠጡት ውኃ ከዚያ የሚመጣ መሆኑ ነው። ጫካው ከሳሳ ምንጩም ይሳሳል። መንገድ ላይ ማገዶ ተሸክመው የሚወጡ እናቶችን ስታዩ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ ስለሌላቸው ነው። ጫካውም እንዲኖር እነሱም እንዲኖሩ ምን ይደረግ? ይሄ የከተማችን ትልቁ የቤት ሥራ ነው።

ጫሞ ላይ ጀልባ ተከራይታችሁ «አዞ ገበያ» ሂዱ። የሚሸጥ የለም፤ አዞዎቹ ዳር ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ስለሚሰበሰቡ ነው ስሙ። ጉማሬም አለ። ጀልባ ነጂው «እጅህን አስገባ» ሲላችሁ ስሙት፣ ቀልድ አይደለም።

ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ሲሆን ስሙን ያገኘው ከሜዳው ነጣ ያለ ሳር ነው። የሜዳ አህያውን ታያላችሁ። ከዚህ ፓርክ አንድ የሚገርም ነገር አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጡ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ሞታ ካገኟት ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ይዘው ሄዱ፤ ያ ክንፍ ከሚታወቁት ወፎች ከአንዱም ጋር አልገጠመም፤ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። ነገር ግን ፓርኩ የእንስሳት ብቻ አይደለም። የኮሬና የጉጂ ሰዎች የኖሩበት፣ ከብት ያረቡበት መሬት ነው፤ ከዚያ የመነሳትና የመመለስ ታሪካቸው ረጅምና የሚያምም ነው። አስጎብኚያችሁን ጠይቁት።

ምግብ! ዓሣ እዚህ በየዓይነቱ ነው፤ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ዱለት፣ ሾርባ። ሲቀላ ሰው የበዛበት ቤት ግቡ፣ አትሳሳቱም። ዳጣ ጠይቁ፤ ግን በትንሹ ጀምሩ። የጫሞ ትልልቁ ዓሣ ከመጠን በላይ በመጠመዱ ቀንሷል። ትንንሹን ሲያቀርቡላችሁ ይሄን አስቡ። ሙዙና ማንጎው የታወቀ ነው፣ አልደግመውም። ብዙ ጎብኚ የሚያልፈው ግን ሀለኮን ነው፤ በአማርኛ ሽፈራው የምንለው ዛፍ። ቅጠሉ እንደ ጎመን ይቀቀላል። ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ሊጥ ጋር ሲሆን ኩርኩፋ ይባላል። ሆቴል ሜኑ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። ሰው ቤት ከተጋበዛችሁ እንቢ እንዳትሉ።

ከዚያ ጃኬት ያዙና ወደ ዶርዜ ውጡ። የቀርከሃው ቤት የዝሆን ግንባርና ኩምቢ ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ጓሮው እንሰት ነው። ሴቶቹ ፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው፣ አብላልተው ቆጮ ያደርጉታል። ከዳጣና ከማር ጋር ይቀርብላችኋል። እንሰት ዝናብ ቢዘገይም መሬት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ ነው። ይህ ደጋ ይህን ያህል ሕዝብ ተሸክሞ የኖረው በእሱ ነው።

ቀጥሎ ሸማኔውን ታያላችሁ። ጥጡ ከቆላ፣ ፈታዩ ሴት፣ ሸማኔው ወንድ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የምትገዙት ጥበብ ብዙው የጋሞ ልጆች እጅ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉልኝ። ይሄ ሙያ ለረጅም ጊዜ ያስንቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ ስለበዛ ነው። አዋጁም ወጥቶ ስድቡ አልቆመም፤ ትላልቅ ሰዎች ሳይቀሩ «ዶርዜ» የሚለውን የሕዝብ ስም ለስድብ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የሚያሳዝነው፣ ተሳዳቢው በበዓል ቀን የሚለብሰው ነጠላ የተሰደበው ሰው የሸመነው መሆኑ ነው። ዛሬ ያው ሰው ቤት ሄደን ሰልፊ እንነሳለን። ጥሩ ነው፤ ግን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ዋጋም አታድክሙ። አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንደሚፈጅ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ከዚያ ተከራከሩ ከቻላችሁ።

የመጨረሻው በጉብኝት ዝርዝር ላይ የማታገኙት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ልጆች ተገድለው ሬሳቸው ሳይቀበር፣ እዚህ አርባ ምንጭ ወጣቱ ተቆጥቶ ለበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል እርጥብ ሳር የያዘ ሽማግሌ ተንበርክኮ ከለመነህ አታልፈውም። ወጣቱም አላለፈውም፤ ተመለሰ። ይሄ በድንገት የመጣ አይደለም። ጋሞ ዱቡሻ የሚባል የመሰብሰቢያ ሜዳ አለው፤ ነገር የሚወራው፣ ጥል የሚበርደው እዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ያደረጉት ስንት ትውልድ ዱቡሻ ላይ የተማረውን ነው። አገራችን እንዲህ ያለ ነገር ባነሳት በዚህ ዘመን፣ ከአዞው ይልቅ ይሄን አይታችሁ ብትመለሱ ደስ ይለኛል። ዱቡሻውን ለማየት አስጎብኚያችሁን ጠይቁት፤ ስትደርሱ ግን እንደ ሜዳ አትረማመዱበት፣ ክብር አለው።

ጊዜ ከመረጣችሁ ለዮ ማስቃላ ኑ። አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ሁሉ ለመስቀል ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ደጋው ይሞቃል። ያኔ ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ። የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርጉ፤ ገንዘቡ እዚሁ ይቅር።

የረሳሁትን የጋሞ ልጆች ኮሜንት ላይ ጨምሩ። የመጣችሁ ደግሞ ደውሉ፤ ኩርኩፋው በእኔ ነው።