የደቡብ ጎንደር ዐጸድ፦ ካህኑና የደን ሳይንቲስቱ በአጥር ጉዳይ ሲገናኙ

ሃይማኖትና ሳይንስ ሲነሱ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ስለ ዓለም አፈጣጠር ይሆንና እዚያው ይቀራል። በደቡብ ጎንደር ግን ሁለቱ የተገናኙት በከብት ምክንያት ነው።

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በደጋው የሚጓዝ ሰው በአብዛኛው የሚያየው የታረሰ መሬት፣ የግጦሽ ሜዳና ባሕር ዛፍ ነው። በመካከሉ ጥቅጥቅ ያለ ደን ከታየ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን ስለመኖሩ መጠየቅ አያስፈልግም። ዐጸዱን የቤተ ክርስቲያን ልብስ፣ የገነትም ምሳሌ አድርገው የሚያስተምሩ ካህናት ብዙ ናቸው። ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። አገር በቀሉ ደን ከሌላው ቦታ ሲጠፋ እዚህ የተረፈው በዚህ እምነት እንጂ በደን አዋጅ አይደለም።

ይህን በቁጥር ካጠኑት ቀዳሚው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃቸው በ«እመጓ» ልብ ወለድ ደራሲነታቸው ነው፤ ሙያቸው ግን የደን ሥነ ምህዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በእነዚሁ ደኖች ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተጠንተው 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች ተመዘገቡ።

መርዶው ከዚያ ቀጥሎ መጣ። ከደኑ አፈር ተወስዶ ዘር ሲፈለግበት የተገኘው በአብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ሆነ። የብዙዎቹ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ቆይቶ አይጠብቅም። ትልቁ ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ዛሬ መሬት ላይ ያለው ችግኝ ብቻ ነው፤ ችግኙን ደግሞ ከብት ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። ወይራ፣ ጥድ፣ ጥቁር እንጨትና ሎል በታጠረና ባልታጠረ ቦታ ተተክለው ሲወዳደሩ ከብት ያልገባበት ቦታ በግልጽ በለጠ። ካህኑ በግዝት ሰውን ከመጥረቢያ ከልክሎ ነበር፤ በሬ ግን ግዝት አያውቅም።

እዚህ ላይ አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከዶ/ር ዓለማየሁ ጋር መሥራት ጀመሩ። ካህናቱ ተሰብስበው ከሰማይ የተነሡ የደኖቻቸውን ምስሎች አዩ። መፍትሔው ከውጭ የመጣ አልነበረም። የድንጋይ ካብ አጥር ካህናቱና ምእመናኑ የሚያውቁት ሥራ ነው፤ ድንጋዩ ከእርሻው ሲለቀም ማሳውም ይጸዳል። የውጭ ገንዘብ ረድቷል፣ ጉልበቱ ግን የምእመናኑ ነበር። ደብረ ሰናና ዛራ ቀድመው ካጠሩት መካከል ናቸው። የውጭ ጋዜጦች ታሪኩን «ሳይንቲስቶች ደን አዳኑ» ብለው ሲያወሩት ይህ ክፍል እየተዘለለ መሄዱ ያስተዛዝባል።

ሳይንሱም ቢሆን ራሱን ማረም ነበረበት። ደኖቹ በፍጥነት እየጠበቡ ነው የሚለው አባባል እንደ እውነት ተይዞ ሳለ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ጣሊያን በወረራው ዘመን እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሣቸውን ፎቶዎች ከቅርብ ዓመታት ምስሎች ጋር አስተያዩ። ብዙዎቹ ደኖች ስፋታቸው አልጠፋም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሰፍተዋል። የጠፋው ዙሪያቸውን ይዞት የነበረው ቁጥቋጦ ነው። ደኑ ያለ ከለላ ከእርሻ ጋር ፊት ለፊት ተፋጧል። ከሰፉትም መካከል በባሕር ዛፍ የሰፉ አሉ።

ባሕር ዛፉ ወደ ዐጸዱ ለምን እንደገባ ለመረዳት ወደ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ መመለስ ይጠይቃል። የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ከመሬቷ ታገኝ የነበረውን ገቢ አጣች፤ ብዙ የገጠር ደብር የቀረው ግቢው ነው። ቆርቆሮ ሲያረጅ፣ ለአገልጋዮች የሚከፈል ሲጠፋ፣ በጥቂት ዓመት ደርሶ የሚሸጥ ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። የደን ባለሙያው «አገር በቀል ትከሉ» ሲል ትክክል ነው፤ ወይራ እስኪደርስ ጣሪያውን ማን ይጠግናል የሚለው የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጥያቄም ትክክል ነው። የድንጋዩ አጥር ለዚህኛው መልስ የለውም።