ከ«ላዳ» እስከ «ቻርጅ»፦ የተሽከርካሪ ገበያ መስፋትና የአማርኛ የመኪና ቃላት ታሪክ

የአንድ አገር የመኪና ገበያ ታሪክ ከጉምሩክ መዝገብና ከሰሌዳ ቁጥር ብቻ አይነበብም፤ ከቃላትም ይነበባል። የአማርኛ የመኪና ቃላት በጥንቃቄ ሲታዩ አንድ ተደጋጋሚ ሂደት ይታያል። አቅራቢው ጥቂት በሆነበት ዘመን የአምራቹ ስም የዕቃው የወል ስም ይሆናል። አቅራቢው ሲበዛና ገዢው መምረጥ ሲጀምር ግን አንዱ ስም ስለማይበቃ፣ መለያ የሚሆኑ ቅጽል ስሞችና የሙያ ቃላት ይበዛሉ።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ «ሲድሌይ» የተባለችውን መኪና ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ አማርኛ ለዚህ ዕቃ የጸና ስም አልነበረውም። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዝያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ነበር። «ባቡር» በዐረብኛ በኩል የመጣ፣ መነሻው እንፋሎትን የሚያመለክት የአውሮፓ ቃል ነው። በአማርኛ ቃሉ በሐዲድ ላይ ለሚሄደውና ለእህል ወፍጮው ሲጸና፣ በሶማሊኛ ግን ለመኪናው ጸንቷል። ከሕንድ የተነሣው «ጋሪ»ም እንዲሁ ነው፤ በስዋሂሊ መኪና ማለት ሲሆን በአማርኛ በፈረስ ወይም በአህያ የሚጎተተው ነው። አፋን ኦሮሞ ከራሱ ሥር የተገኘውን «ኮንኮላታ» ይጠቀማል። እነዚህ ቃላት ዕቃው በየትኛው ወደብና በየትኛው ነጋዴ እጅ እንደገባ ይጠቁማሉ።

አማርኛን የወሰነው የጣሊያንኛ ተጽዕኖ ነው። ተጽዕኖው ከኤርትራ በኩል ቀደም ብሎ ይሰማ የነበረ ቢሆንም፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ከመንገድ ሥራውና ከጥገና ቤቶቹ ጋር ሥር ሰደደ። «መኪና»፣ «ጎማ»፣ «ካንዴላ»፣ «ባሌስትራ»፣ «ማርሚታ»፣ «ፍሬን»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ቸርኬ»፣ «ክላክስ»፣ «ፓራፋንጎ» የዚህ ቅርስ ናቸው። የድምፅ ለውጡም ሥርዓት አለው። በጣሊያንኛ በ«ኣ» የሚያልቁት ቃላት መጨረሻቸውን ጠብቀዋል፤ በሌሎች አናባቢዎች ከሚያልቁት ብዙዎቹ ግን፣ እንደ «ፍሬን» እና «ፍሪሲዮን»፣ መጨረሻቸውን ጥለዋል። «ፓራፋንጎ»ና «ፊልትሮ» ከዚህ ያፈነገጡ ናቸው። በአንጻሩ ድርጊቱ የአገር ቤት ቃል ሆኖ ቀረ፤ ከብት የሚነዳው ሰው መኪናም «ነዳ»፤ የሚቃጠለውም «ነዳጅ» ተባለ። ክፍሎቹ በውሰት ቃል፣ ድርጊቱ በነባር ቃል መጠራታቸው ዕቃው ከውጭ፣ ሠራተኛው ከውስጥ መሆኑን ያሳያል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትንሿ ፊያት በቁጥሯ ብቻ «ሰይቼንቶ»፣ ማለትም «ስድስት መቶ»፣ ተብላ ትጠራ ነበር። በደርግ ዘመን አገሪቱ ከሶቭየት ኅብረት ጋር በነበራት ግንኙነት ላዳ በብዛት ገባች፤ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲ ሆና ጎዳናውን ያዘች። «ላዳ ያዝኩ» ያለ ሰው ስለ ፋብሪካው አይናገርም፤ የኮንትራት ታክሲ መያዙን ይናገራል። «ባጃጅ»ም በኋላ በዚሁ መንገድ ሄደ፤ የሕንድ ኩባንያ ስም የነበረው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የወል ስም መሆን ለአምራቹ ክብር ቢመስልም፣ ለቋንቋ አጥኚው በመጀመሪያ የአማራጭ ማነስ ምልክት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የንግድ ገደቡ ሲላላ ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎች ገበያውን ሞሉት። ያን ጊዜ «ቶዮታ» ማለት ብቻውን በቂ መረጃ መሆኑ ቀረ። ሚኒባሱ «ዶልፊን» እና «አባዱላ» በሚሉ ስሞች ተለየ፤ የአይሱዙ የጭነት መኪና ከሚያደርሰው አደጋ የተነሣ «አልቃይዳ» የሚል መራራ ስም አተረፈ። አገር ውስጥ አካል የተሠራለት አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» ተባለ። እነዚህን ስሞች ያወጣቸው የማስታወቂያ ድርጅት ሳይሆን ሾፌር፣ ረዳትና ተሳፋሪ ነው። ሻጭና ገዢ ደግሞ «ያገለገለ»ን ከ«ዜሮ ኪሎ ሜትር»፣ «ማንዋል»ን ከ«ኦቶማቲክ» እየለዩ ይከራከራሉ። በዚህ ክርክር ቃል ገንዘብ ነው፤ ልዩነቱን የማያውቅ ገዢ በደላላው ፊት ሲቆም የሚከፍለው ለመኪናው ብቻ አይደለም፣ ላለማወቁም ጭምር ነው። ምርጫ በበዛ ቁጥር ቃላቱን የማወቅ ዋጋም ይጨምራል።

ስም ከላይ ሲሰጥ ውጤቱ ሌላ ነው። ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት በአገር ውስጥ ይገጣጥማቸው ለነበሩት መኪናዎች «አባይ»ን የመሳሰሉ የወንዝ ስሞች ሰጥቶ ነበር። ስሞቹ ያማሩና ሁሉም የሚያውቃቸው ነበሩ፤ ይሁን እንጂ አንዳቸውም እንደ «ላዳ» የወል ስም አልሆኑም። ብዙ ዓይነት መኪና በሚፎካከርበት ገበያ የስም ውበት ብቻውን ቃልን አያጸናም፤ የሚያጸናው የዕቃው በብዛት መታየትና በአንድ አገልግሎት መታወቅ ነው።

የቅርቡ ምዕራፍ ደግሞ ሕግ የወለደው ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አንዱ የምርጫ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ፤ ቢዋይዲን የመሰሉ የቻይና አምራቾች ከነባሮቹ ጋር በኤሌክትሪክ መኪና ይፎካከራሉ። ለዚህ መኪና ዋና ቃል የሆነው «ቻርጅ» ከመኪና ጋር አልመጣም፤ በተንቀሳቃሽ ስልክ በኩል ቀድሞ ገብቶ የተላመደ ነው። ስለዚህ ገዢው አዲሱን ዕቃ በሚያውቀው ቃል ተቀበለው።

ይህ ለውጥ በቃላት ላይ የሚያደርሰው እኩል አይደለም። «ጎማ»፣ «ፍሬን» እና «ቸርኬ» በአዲሱ መኪናም ሥራ ስላላቸው ይቆያሉ። «ካንዴላ»፣ «ማርሚታ» እና «ፍሪሲዮን» ግን የሚጠሩት ክፍል ራሱ በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የለም። የሚያውቋቸው በየጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ቆመው ያረጁ መካኒኮች ናቸው፤ ተለማማጁም የሚማራቸው ከመጽሐፍ ሳይሆን «አቀብለኝ» ከሚለው ትእዛዝ ነው። በነዳጅ የሚሄዱት አሮጌ መኪናዎች ገና ለዓመታት ስለሚጠገኑ ቃላቱን ከነአነጋገራቸው ለመመዝገብ ጊዜ አለ። መዝገቡ ግን ከጣሊያንኛ መነሻቸው አልፎ ማን፣ ለየትኛው መኪና፣ በየትኛው ዘመን እንደተጠቀመባቸው ካልያዘ፣ ቃሉን አስቀርቶ ገበያውን ያጠፋል።