ስለ ልብ ምት መዘግየት፤ የደብሊን ሁለት ሐኪሞች ምርመራ

የልብ ምት መዘግየት በራሱ በሽታ ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት መካከል በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን የነበሩ ሁለት ሐኪሞች ይገኙበታል፤ ሥራቸውንም በዚህች አጭር ጽሑፍ እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መቁጠሪያ ያስፈልግ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ደቂቃ ሠርታ የምትቆም ሰዓት ለዚሁ ጉዳይ ማሠራቱን ገልጿል።

ሮበርት አዳምስ በ1827 ያሳተመው ጽሑፍ ስለ አንድ የ68 ዓመት የቀረጥ ሹም ይናገራል። ሰውዬው በሰባት ዓመት ውስጥ ከሃያ ያላነሰ ጊዜ ራሱን ስቶ ወድቋል፤ የልቡም ምት በደቂቃ 30 ያህል ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው አወዳደቅ ከአንጎል ደም መፍሰስ የመጣ ነው ይባል ነበር። (በእኛም አገር ድንገት የወደቀውን ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት ይቀናናል።) አዳምስ ግን አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም ያን ያህል ጊዜ ወድቆ የተነሣ ሰው አንድም የአካሉ ክፍል አልሰለለም። ስለዚህ የበሽታው ምንጭ ከራስ ሳይሆን ከልብ ነው ሲል ፈረደ። እኛ ከሁሉ አብልጠን የምናደንቀው ይህን ፍርድ ነው፤ የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያሳይ መሣሪያ ገና አልነበረምና።

ዊልያም ስቶክስ ደግሞ በ1846፣ ምቱ 28 የሆነ አንድ በሽተኛ በአንገቱ ላይ ያለው የደም ሥር ከልቡ ምት እጥፍ በላይ ሲርገበገብ አየ። የላይኛው የልብ ክፍል ይመታል፤ ታችኛው ግን አይከተለውም ማለት ነው። በሁለቱ መካከል መልእክት የሚያደርሰውን ጅማት ቪልሄልም ሂስ በ1893 ገለጸው፤ ጃፓናዊው ሱናዎ ታዋራም በ1906 መነሻውን አገኘ።

ዛሬ ዕረፍት ላይ ላለ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ከ60 እስከ 100 የሚሆን ምት እንደ ደንበኛ ይቆጠራል። ነገር ግን በሩጫ የሠለጠነ ሰው ምቱ 40 ገደማ ቢሆን፣ የተኛም ሰው ምቱ ዝቅ ቢል የሚያስፈራ አይደለም። የሚያሠጋው ከመዘግየቱ ጋር ራስ መሳት፣ ማዞር፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ ድካም ሲመጣ ነው። ራሱን የሳተ ወይም ደረቱን ያመመው ሰው ቀን ሳይቆጥር ወደ ሐኪም ይሂድ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ምትን ያዘገያሉ።

አዳምስና ስቶክስ በሽታውን ለዩት እንጂ መፍትሔ አልነበራቸውም። በጥቅምት 1958 በስዊድን ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግና መሐንዲሱ ሩኔ ኤልምክቪስት፣ አርኔ ላርሶን ለሚባል በሽተኛ ልብን የሚያስመታ መሣሪያ በሰውነቱ ውስጥ ቀበሩለት። መሣሪያው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተበላሸ፤ በሌላም ተተካ። ላርሶን ግን እስከ 2001 ድረስ ኖሮ በ86 ዓመቱ ዐረፈ።