ሁለቱ 1987ዎች

በቅርቡ ጎንደር ውስጥ አንድ ያረጀ ፍሪጅ ለጥገና ወስጄ ነበር። ጀርባው ላይ «አር-12» የሚል ጽሑፍ አለበት። ጠጋኙ ቱቦውን ሲፈታው የቀረው ጋዝ «ፍስስ» ብሎ ወጣ። «ጋሼ፣ ይኼ ጋዝ ዛሬ አይገኝም፤ በሌላ እንተካዋለን» አለኝ። እኔ ግን ስለ ወጣው ጋዝ አሰብኩ። አየር ላይ መቶ ዓመት ገደማ ይቆያልና።

የኦዞንን ንጣፍ የሚያሳሱ ኬሚካሎችን የሚገድበው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል የተፈረመው በፈረንጆቹ 1987 ነው። ኢትዮጵያ የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ያም 1987 ዓ.ም. ነበር። የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 716 የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከአባልነት እስከ አዋጅ 17 ዓመት! አር-12ን የሚጨምረው የሲኤፍሲ ቤተሰብ ደግሞ ለታዳጊ አገሮች የተከለከለው ከ2010 መባቻ ጀምሮ ነበር። አዋጁ የደረሰው ዋናው ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ነው።

«የእኛ ፍጆታ ኢምንት ነው፤ ቀዳዳውም አንታርክቲካ ላይ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ከጎንደር የወጣ ጋዝም እዚያው ይደርሳል። የደባርቅ ገበሬ ደግሞ በከፍታው ብቻ ብርቱ ጨረር የሚያርፍበት ሰው ነውና፣ የሰማዩ ጉዳይ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም።

ጉምሩክ አዲስ የሚመጣውን ይከለክል ይሆናል። ቀድሞ የገባውን የሚይዘው ግን የጠጋኙ እጅ ነው። ለዚያ እጅ ሥልጠናና ጋዝ መሰብሰቢያ መሣሪያ ካልደረሰው፣ ሕጉ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታትሞ ይቀራል።