ወደ ፀሐይ መውረድ፦ ከእሳቱ በፊት ፍጥነቱ
ሰው አልባ መንኮራኩሮችን ወደ ፀሐይ የመላክ ታሪክ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ እሳቱ ነው። እኔ ግን ዋናው ባላጋራ ፍጥነት ነበር ባይ ነኝ። ምድር ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘች ነው፤ ከእርሷ የሚነሣ መንኮራኩርም ይህንኑ ፍጥነት ወርሶ ይወጣል። ወደ ፀሐይ ለመውረድ አብዛኛውን መቀነስ ግድ ነው፤ ይህም ከሥርዓተ ፀሐይ ጨርሶ ከመውጣት የከበደ ነው። ይህን ሐቅ ብዙ ወጣቶች የተማሩት በኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። የሜክሲኮው ኩባንያ ስኳድ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ ባቀረበው "ከርባል ስፔስ ፕሮግራም" ውስጥ፣ መመርመሪያውን ወደ ፀሐይ አነጣጥሮ ሞተር ያስነሣ ተጫዋች ምህዋሩን ከማጣመም በቀር ብዙ አይጠጋም። የሚያዋጣው ከጉዞው በተቃራኒ አቅጣጫ ሞተሩን ማንደድ፣ ወይም ጁል የተባለችውን ግዙፍ ፕላኔት ስበት መጠቀም ነው።

የእውነቱም ታሪክ በዚሁ መንገድ ሄዷል። ምዕራብ ጀርመንና አሜሪካ በ1974 እና በ1976 ካመጠቋቸው ሁለት የሄሊዮስ መንኮራኩሮች ሁለተኛዋ በኃይለኛ ሮኬት ተገፍታም የቀረበችው እስከ 43 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በ1990 የተነሣችው ዩሊሲስ የፀሐይን ዋልታዎች ለማየት መጀመሪያ እስከ ጁፒተር ርቃ መሄድ ነበረባት።

"የጨዋታው ዓለም የተቀነሰ ነው፤ የመነሻው ፕላኔት የሚዞረው በሰከንድ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መጠኑ ይነስ እንጂ ሕጉ ያው ነው። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ወደ ፀሐይ አክሊል የሚገባ መመርመሪያ በ1958 ታስቦ እስከ 2018 የዘገየው ሙቀት የሚችል ጋሻ ስላልነበረ ነው ይባላል። ጋሻው በእርግጥ ወሳኝ ነበር፤ በ2018 የተላከችው መመርመሪያ ፓርከር የተሸከመችው 11.4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቦን ጋሻ ባይኖር ጉዞው አይታሰብም። ነገር ግን መንገዷን እንመልከት። የቀደመው ዕቅድ በጁፒተር በኩል የሚያልፍና በኑክሌር ኃይል የሚሠራ ነበር፤ ያ ሲቀር ቬነስን ሰባት ጊዜ እያለፉ ምህዋሩን ቀስ በቀስ ማጥበብ ተመረጠ። ፓርከር ጋሻዋን ከመጀመሪያው ቀን ይዛ ሳለ በ2018 መጨረሻ የደረሰችው ወደ 25 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ስድስት ዓመት ያስጠበቃት የፍጥነት ዕዳ ነው። ሰባተኛው የቬነስ እልፍታ ኖቬምበር 6 ቀን 2024 ተፈጸመ፤ ዲሴምበር 24 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ አለፈች።