ስለ ማግማ የበኵር ሸክላዎች

ቋንቋ የሕዝብ ሀብት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቋንቋ ቢፈጥር ከማን ጋር ይነጋገርበታል? ማግማ የተባለው የፈረንሳይ የሮክ ሙዚቃ ጓድ ታሪክ ይህን ጥያቄ ያስነሣል።

የጓዱ መሥራች ከበሮ መቺው ክሪስቲያን ቫንደር ነው። ዝነኛው አሜሪካዊ የጃዝ ሊቅ ጆን ኮልትሬን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ፥ እጅግ ይወደው የነበረው ቫንደር በብርቱ ኀዘን ላይ ወደቀ። ከኀዘኑም ተነሥቶ በ1969 ዓ.ም. በፓሪስ ማግማን አቋቋመ።

በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1970 ዓ.ም.፥ ስሙ ገና ያልታወቀው ይህ ጓድ የበኵር ሥራውን በአንድ ሳይሆን በሁለት ሸክላዎች አወጣ። ለጀማሪ ይህ ድፍረት ነበረ፤ ነገር ግን የሚተረከው ታሪክ ረዥም ነው። ይኸውም ጥቂት ሰዎች ወደ ጥፋት የምታመራውን ምድር ትተው ኮባያ ወደምትባል ሌላ ዓለም መሰደዳቸውንና በዚያ አዲስ ኑሮ መመሥረታቸውን የሚገልጽ ነው።

የሚዘፈነውም ቫንደር ራሱ በፈጠረው በኮባያኛ ነው። ፈረንሳይኛ ለሙዚቃው የሚስማማ ኀይል እንደ ጐደለው ስለ ተሰማው፥ ቃሉን ከዜማው ጋር አብሮ ወለደው። ስለዚህ ሰሚው ትርጕሙን ባያውቅም የስደተኞቹን ሥጋትና ተስፋ ከድምፁ ይረዳል።

ጓዱ በ1980ዎቹ ዓመታት ቢበተንም በ1996 ዓ.ም. እንደገና ተሰባስቧል። ፈለጉን የተከተሉ ሙዚቀኞችም ስልታቸውን «ዘውል» ይሉታል፤ ይህም የኮባያኛ ቃል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ለብቻው የፈጠረው ቋንቋ፥ ከሌሎች አፍ ሲገባ የብዙዎች ሀብት ሆነ ማለት ነው።